ከምሳ በኋላ የሚጠፋው መስመር

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ጠዋቱ ጥሩ ነበር። አንዲት ላም ከገደል ተንሸራታ መኪና ላይ ወድቃለች። ባለመኪናው ካሳ ይጠይቃል፣ ባለላሙም ይጠይቃል። ላሚቱን የጠየቃት የለም። ብቻዬን እየሳቅኩ መዝገቡን ጨረስኩ። የመድን ሥራ የሚሰለቸው ሰው ሳያነብ የሚፈርም ሰው ነው።

ምሳ በላን። ከዚያ እንደ ሀገሩ ሰው ሁሉ የቀትር እንቅልፍ። ተነስቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት ቪፒኤኑ እምቢ! "መገናኘት አልተቻለም።" ደግሜ ነካሁት... "አልተቻለም።" በቪፒኤን ካልገባሁ ዋና ከተማው አሱንሲዮን ያለው መሥሪያ ቤት በር አይከፈትልኝም። እኔ እዚህ ኤንካርናሲዮን፣ አባዬ ቤት፣ መዝገቦቼ እዚያ።

ለአባዬ ነገርኩት። ተሬሬውን፣ በበረዶ የሚጠጣ የቅጠል ሻዩን፣ እየመጠጠ፣ "ያ ሳጥን እዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ ደግ ነገር አላየሁም" አለ። ኮምፒውተር ብሎ ጠርቶት አያውቅም። ሳጥን ነው የሚለው።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ጠዋት ይሠራል! ምንም እንዳልተፈጠረ። ከእንቅልፍ በኋላ እንደገና ድርግም።

ወንድሜ ሩቤን ከወንዙ ማዶ፣ ከፖሳዳስ ደውሎ፣ "አጥፍተሽ አብሪው" አለኝ። ይህንን ለመናገር ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ራውተሩን ከመደርደሪያው አውርጄ ወንበር ላይ፣ ከወንበሩ መስኮት ላይ አደረግኩት። ምናልባት የፍሪጁ ኤሌክትሪክ እየረበሸው ይሆን? ብዬ ፍሪጁን ነቀልኩ። ነቅዬ ረሳሁት። በረዶው ሁሉ ቀለጠ። አባዬ ባዶ ቴርሞሱን ይዞ ወጥ ቤቱ መሀል ቆሞ፣ "በዚህ ሙቀት ተሬሬ ያለ በረዶ? ምን በደልኩሽ ልጄ?" አለኝ። ሰው ሞቶበት የመጣ ነው የሚመስለው።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ኦስማር የሚባል የመሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻን በስልክ አገኘሁ። ጠዋት ነበር ያገኘሁት... ጠዋት ደግሞ ይሠራል።

"ሴኞራ ኔሊዳ፣ እዚህ ሳየው እኮ ገብተዋል።"

"አሁን ገብቻለሁ። ከምሳ በኋላ ነው የሚያስወጣኝ።"

"ከምሳ በኋላ ብቻ?"

"ከምሳ በኋላ ብቻ።"

የሆነ ነገር ሲጽፍ ሰማሁት። ከዚያ፣ "ሲበላ እንቅልፍ የሚጥለው ኮምፒውተር አጋጥሞኝ አያውቅም" አለ። ድምፁ ደስ ይላል። ግን ቀልድ አልጠየቅኩትም።

ከሰዓት በኋላ ራሴ ደወልኩለት። ፓስወርዱን ቀየርን። ፕሮግራሙን አውጥተን እንደገና ጫንን። "ሰዓቱን ይዩልኝ፣ ልክ ነው?" አለኝ። ግድግዳው ላይ ካለው ጋር አስተያየሁት። "በደቂቃ አልተዛነፈም" አልኩ። ከዚያ በኋላ የሚሞክረው ነገር አለቀበት።

አርብ፣ ማርች 14

አለቃዬ ሴኞራ ካንቴሮ ደወለች። ከግማሽ ቀን ሠራተኛ ጋር መሥራት አልችልም አለች። እስከሚቀጥለው አርብ ካልተስተካከለ አሱንሲዮን ተመልሼ ቢሮ ልግባ። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ትክክል ነች... እሱ ነው የሚያናድደው።

አሱንሲዮን ከገባሁ አባዬን ማን ይይዘዋል? ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ያለ ባለ አራት እግር ምርኩዙ አይንቀሳቀስም። የቀረው ሩቤን ነው፣ ሩቤን ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፣ ሊፍት የለውም።

አባዬ ሁሉንም በግድግዳው በኩል ሰምቷል። እራት ላይ፣ ሳህኑን እያየ፦

"ፖሳዳስ ልትልኪኝ ነው?"

"ማንም አልላከህም አባዬ።"

"ዕድሜዬን ሙሉ በጀልባ ሰው ሳሻግር ኖሬ፣ አሁን እኔን እንደ ሻንጣ ሊያሻግሩኝ..."

ሾርባ ጨመርኩለት። ሾርባው በረደ።

ሰኞ፣ ማርች 17

ከእንቅልፍ በኋላ ያው ነው። ኦስማር፣ "የስክሪኑን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ ሁሉንም፣ እስከ ጥግ ድረስ" አለ። በስልኬ አንስቼ ላክሁ። ቆየት ብሎ ደወለ። ሳቁን ሊውጥ ሲታገል ይሰማኛል።

"ሴኞራ፣ እናንተ ዘንድ ካርኒቫሉ አላለቀም እንዴ?"

"ምን?"

"የእርስዎ ኮምፒውተር ገና በካርኒቫሉ ወር፣ ፌብሩዋሪ ላይ ነው።"

መነጽሬን አደረግኩ። ከሰዓቱ ሥር፣ ጤፍ በምታህል ፊደል... ፌብሩዋሪ! ሰዓቱን እንጂ ቀኑን መቼ አየሁ?

ነገሩን አስረዳኝ። መሥሪያ ቤቱ ለሁላችንም አዲስ የመግቢያ ፈቃድ የሰጠው በማርች መጀመሪያ ነው። ኮምፒውተሬ ፌብሩዋሪ ላይ ቆሞ የማርችን ፈቃድ ሲያይ፣ ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ይዞ እንደመጣ ይቆጥረዋል። አያስገባም። ቀኑን አስተካከልኩ... ወዲያው ገባ! ከወንበሬ ተነስቼ ዘለልኩ።

ከዚያ ኦስማር፣ ረጋ ብሎ፣ "በራሱ የሚስተካከልበት ቦታም ተዘግቷል። ይህን ማሽን አያደርገውም፣ ሰው ነው። ቤት ውስጥ ማን አለ?" አለኝ።

"አባቴ ብቻ። እሱ ደግሞ ሳጥን ነው የሚለው፣ ነክቶትም አያውቅ።"

"እንግዲህ..." አለ።  

ማክሰኞ፣ ማርች 18

አልጠየቅኩትም። ቁርስ ላይ ፊቱን አየሁ፣ የሕፃን ፊት ነው። ቺፓውን፣ የአይብ ዳቦውን፣ እየቆረሰ ስለ ዝናብ ያወራል።

ቀኑን ሙሉ አንድ ሐሳብ ይበላኛል። እንድሄድለት ፈልጎ ቢሆንስ? ከአሱንሲዮን ጠቅልዬ ስመጣ፣ "ማን ጠራሽ?" ነበር ያለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በየመድኃኒቱ እጨቀጭቀዋለሁ፣ ጨው እቀንስበታለሁ፣ ራዲዮውን ቀንስ እለዋለሁ... ግን ፖሳዳስ ሲባል ፊቱ እንደዚያ የሆነው ለምንድነው ታዲያ? አይገባኝም። 

ዛሬም ከእንቅልፍ በኋላ ፌብሩዋሪ ነበር።

ረቡዕ፣ ማርች 19

ያዝኩት!

ከምሳ በኋላ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ አንኮራፋሁ። የውሸት። ብዙም አልቆየ፣ የምርኩዙ ድምፅ... ቀስ... ቀስ... በኮሪደሩ አለፈ። እግሮቹን በካልሲ ጠቅልሏቸዋል! የምርኩዙን እግሮች! የኔን ካልሲዎች!

በባዶ እግሬ ተከተልኩት። በሩ ገርበብ ብሏል። ዶን ሴቬሪያኖ፣ ሳጥኑን ነክቶት የማያውቀው አባቴ፣ ወንበሬ ላይ ተንፈላሶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ አይጡን እንደ ጀልባ መሪ በሁለት እጁ ይዞ... ዳማ ይጫወታል። ከኮምፒውተሩ ጋር። እየተሳደበም ነው፣ በሹክሹክታ። "ና፣ ና፣ አንተ ሌባ፣ ብላት! ብላትና ታያለህ!"

"አባዬ።"

ሳይዞር፣ "ተኝተሽ ነበር እኮ" አለ።

"ቀኑን የምትቀይረው አንተ ነህ?"

አሁን ዞረ። "ጨዋታው ለአንድ ወር በነፃ ነው አለ። ወሩ ሲያልቅ ዘጋብኝ። ወር አለቀ ካለ፣ ወሩ እንዳያልቅ ማድረግ ነዋ!"

"ማን አስተማረህ?"

"ማን ያስተምረኛል? ነካካሁት። በማለዳ አንቺ ሳትነሺ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ከሰዓት ግን ስትነሺ ስለምሰማ ሳልመልስ እሮጣለሁ።"

በዚያ ምርኩዝ እሮጣለሁ ይላል።

ልስቅ ነበር፣ ያ ሐሳብ ግን አልለቀቀኝም። አወጣሁት። "እንድሄድልህ የፈለግክ መስሎኝ ነበር" አልኩት። "ሥራዬን አበላሽተህ ልታባርረኝ።"

አፉን ከፍቶ አየኝ።

"የሥራሽ ነገር በዚህ ነው የተበላሸው? በዳማ?"

"በዳማ።"

አይጡን ከእጁ ለቀቀ። "አላወቅኩም" አለ። "አንቺን ለማባረር ብፈልግማ ኖሮ ልጄ፣ በቀን መቁጠሪያ አልጫወትም። ሳጥኑን ወንዝ እከተው ነበር።"

ከዚያ ስለ ኤውላሊዮ ነገረኝ። አብሮት ጀልባ ይነዳ የነበረው፣ በየቀኑ ዳማ ይገጥመው የነበረው፣ ባለፈው ዓመት የሞተው። ከእሱ በኋላ ጠጠር ነክቶ እንደማያውቅ። "በዚህ ብረት እየተጎተትኩ ወንዝ ዳር ሄጄ ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። ሳጥኑ አያዝንልኝም፣ ያሸንፈኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ያንን ሁሉ ከሰደብኩት በኋላ?"

ሳቅን። እሱ እስኪያስለው፣ እኔ እንባዬ እስኪመጣ።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ለኦስማር ነገርኩት። ስልኩን ከጆሮው አርቆ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ቀኑን ማንም እንዳይነካው ቆለፍን፣ ለአባዬ የራሱ መግቢያ ከፈትንለት። ሴኞራ ካንቴሮ ምክንያቱን ስትሰማ፣ "በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ የአደጋ መዝገብ አልደረሰኝም" አለች። እቤት እቀጥላለሁ። ተመስገን።

ቀኑ ሲቆለፍ ግን ዳማውም ተቆለፈ።

እሁድ፣ ማርች 23

የእንጨቱን ዳማ ከቁም ሣጥን አወረድኩ። "እኔ አብሬህ እጫወታለሁ" አልኩት። ሁለቴ ተጫወትን። በሁለተኛው መሀል እንቅልፍ ወሰደው። ተራው የእሱ ሳይሆን የኔ ነበር፣ ቢሆንም...

ማክሰኞ፣ ማርች 25

ዴኦሊንዳ፣ ቺፓ እያዞረች የምትሸጠዋ ሴት፣ በረንዳችን ላይ ቅርጫቷን አስቀምጣ ዳማውን አየችው።

"ዶን ሴቬሪያኖ፣ ይቺን ጠጠር እዚህ ያስቀመጣት ማን ነው? ለመበላት የቸኮለ ሰው?"

"ትጫወቻለሽ አንቺ?"

"ልጆቼን ያሳደግኩት በቺፓ ነው፣ ነፍሱን ይማርና ባሌን የጨረስኩት ግን በዳማ ነው።"

ተቀመጠች። ቺፓው ሳይበርድ ጠጠሮቹን በላችበት፣ አንድ ሳታስቀር። አባዬ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "ድገሚ!" አላት። እሷ ቅርጫቷን አንስታ፦

"እኔ ሠራተኛ ሰው ነኝ። መበቀል የፈለገ ይምጣ፣ ወንዝ ዳር ነው የምገኘው፣ ከሰዓት በኋላ። መምጣት ካቃተዎት ግን አልፈርድብዎትም።"

ካቃተዎት! ለአባዬ!

ረቡዕ፣ ማርች 26

ሄደ። በምርኩዙ፣ በፀሐይ፣ አግዢኝ ሳይል። ከኋላው ብከተለው ዞር ብሎ፣ "ሥራ የለሽም?" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

ቪፒኤኑ ጠዋትም ከሰዓትም ይሠራል። ስለሱ ማሰብ ትቻለሁ።

አባዬ ዛሬ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ወጣ። ለዳማ ሽቶ ምን ይሠራል? አልጠየቅኩም። ሩቤን ደውሎ፣ "አባዬን አገናኚኝ" ሲለኝ፣ "ወጥቷል" አልኩት። "ወጥቷል ማለት?" ይለኛል። ምን ማለት እንደሆነ እኔስ መች አወቅኩ።

ሲመሽ መጣ። "ስልክህን አታነሳም?" ብዬ ጮህኩበት። የሟች እናቴ ድምፅ ነው የወጣው።

"አሸነፍካት?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን ያስቅሃል?"

"ነገ ምሳ እሷ ዘንድ ነኝ፣ አትጠብቂኝ" ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

እኔም የምለው ነበረኝ። ትናንት ኦስማር ደውሎ ነበር። "መስመሩ እንዴት ነው?" ደህና ነው አልኩት። ደህና መሆኑን ከእኔ በፊት እሱ ነው የሚያየው። ከዚያ፣ እሁድ ኤንካርናሲዮን እንደሚመጣ፣ እህቱ እዚህ እንዳለች፣ ጊዜ ካለኝ... "ካለሽ" አለኝ። ሴኞራም እርስዎም የለም። ጊዜ አለኝ አልኩት።

ለአባዬ ነገርኩት። አንድ እግሩ በጫማ፣ አንዱ በካልሲ፣ አሰበበት።

"ዳማ ይችላል?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"ባይችል ይሻላል" አለ። "አሁን የምታሸንፈኝ አንዷ ትበቃኛለች።"