ሥጋ ያልገባበት ምሳ

ቡታጅራ፣ ጥር 2003 ዓ.ም.

ለእጮኛዬ፣

አንተ «አላውቃቸውም» ስትል እናቴ እጇን ለሰላምታ ዘርግታልህ ነበር። ፊትህን አብሮህ ወደነበረው የፓርኩ ባለሀብት መልሰህ መንገድህን ስትቀጥል እጇን ወዲያው አልሰበሰበችውም። ትንሽ ቆይታ ሻሿን የምታስተካክል አስመሰለችው።

ይህን ካልኩ በኋላ ሰላምታዬን ላድርስ፤ ሰላምታ ያስተማረችኝ እሷ ናትና። አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የወልቂጤ ሙቀት ያንን ጨጓራህን አልቀሰቀሰብህም? አዲሱ ሥራህስ ተስማማህ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ቆመን እንሄዳለን። እኔ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ነው። የሟቹ ወንድሜ ልጆች፣ ሰልሚያና ከድጄ፣ ደህና ናቸው። ስለ መጫወቻ ፓርኩ ትልቅ ሽክርክሪት ማውራት ግን ትተዋል።

ሽማግሌዎችህ ትናንት መጥተው ነበር። «በአንድ ቃል ትዳር ይፈርሳል ወይ?» አሉ። አጎቴ ጀማሉም ከእነሱ ጋር ሆነ። ያልነበሩበትን ቀን ለእኔ ለነበርኩበት ሊያስረዱኝ ሞከሩ። አንተም ከፓርኩ በር ወዲህ የሆነውን አታውቅምና ልጻፍልህ።

«ፓርኩ ተከፍቷል፤ ቤተሰቡን ሁሉ ይዘሽ ነይ» ያልከኝ አንተ ነህ። እናቴ ዋዜማውን በሙሉ ስትሠራ ዋለች። ቆጮውን ጋገረች፣ ጎመኑን ከትፋ ከአይብ ጋር አሰናዳች፣ ሁሉንም በኮባ ጠቅልላ በነጭ ጨርቅ ቋጠረችው። ክትፎ ጨምሪበት እንጂ ስላት ሳቀችብኝ። «የሥራ ጓደኞቹ ክርስቲያን ቢሆኑስ? የእኛን ሥጋ አይበሉም። እሱ ሲጎርስ እነሱ ቁጭ ብለው ሊያዩት ነው?» አለች። ሥጋ ያልገባበት ለዚህ ነው። ማንም ይምጣ ማን፣ እጁን ታጥቦ አብሮህ እንዲቀመጥ አስባ ነው።

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ «እማማ፣ ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አላት። እናቴ አልተቆጣችም። «ልጄ እዚህ ነው የሚሠራ፤ ይኸው መጣ» ብላ አንተን አሳየችው። እጇን የዘረጋችው ያኔ ነው። ጥበቃው ቤተሰብህ መሆናችንን ጠየቀህ። የመለስከውን ታውቃለህ። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ሽታው ደንበኛ ያባርራል፤ ከበሩ ዘወር አድርጋቸው» አልከው። ድምፅህን የበለጠ ዝቅ ማድረግ ነበረብህ።

እኔ እንመለስ አልኩ። ትኬቱ ተቆርጧል፣ ልጆቹም ሽክርክሪቱን አይተዋል። እናቴ «ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነው፣ አላየንም» እያለች ጎትታ አስገባችኝ። ቋጠሮው የጥበቃው ወንበር ሥር ቀረ።

ልጆቹ ተጫውተው ሲደክማቸው ራባቸው። ግቢው ውስጥ ያለው አንድ ምግብ ቤት ብቻ ነው። የበርገሩ ሥጋ የማን እንደሆነ አስተናጋጁን ጠየቅኩት። «የድርጅቱ ነው» አለኝ። ማን አረደው ማለቴ ነው ስለው ትከሻውን ሰበቀ። እንግዲያው የጾም ካለ ስጠን አልኩት። ሻሼን አይቶ «እህቴ፣ አንቺ ደግሞ የጾም ምን ያደርግልሻል? ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። በእኛ አገር እስላሙ አራጁ ያልታወቀ ቤት ሲገባ የጾም ያዛል፣ ክርስቲያኑ እኛ ቤት ሲመጣ ሽሮ ይቀርብለታል። ይህን የማያውቅ ሰው ወልቂጤ ላይ የቤተሰብ ምግብ ቤት ከፍቷል፤ አንተ የምታውቀው ደግሞ ዝም ብለኸዋል።

ፓስታው በሥጋ፣ ሩዙ በዶሮ ነው። የቀረን የተጠበሰ ድንች ነበር። የአንዱ ሳህን ዋጋ ቡታጅራ ላይ ለአራታችን ምሳ ይበቃል። አንድ ሳህን ለአራት አዘዝን። እናቴ አንዲት ቁራጭ ቀምሳ «የአረቅጥ ድንች ነው፤ የእሱ አገር» አለችና ሳህኑን ወደ ልጆቹ ገፋችው። ሰልሚያ፣ አያቷ የሠራችው ምግብ እያለ ለምን ይህን እንደምንበላ ጠየቀችኝ። 

ስንወጣ እናቴ ቋጠሮውን ለጥበቃው ሰጠችው። «ሥጋ የለበትም፤ ብላ ልጄ» አለችው። ስሙ ሀብተወልድ ነው፤ ጠይቃው ነገራት። እዚያው ቆሞ በላ። ቀና ብሎ ሳያያት «ይቅር በሉኝ እማማ» አላት። እሱ ምን አጠፋ?

ከአረቅጥ መጥተህ እዚህ ስትማር እኛ ቤት ነው የበላኸው። ውለታ ልቆጥርብህ አይደለም፤ እሷ ቆጥራው አታውቅም። ባለሀብቱን መፍራትህም ይገባኛል፤ ሥራ ማጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የጨነቀኝ ሌላ ነው። በዚህ ቤት ከእኔ ጋር የቆመ ሰው የለም። ተማረች፣ ዲግሪ ያዘች፣ ምላሷ ረዘመ ይሉኛል። እናቴ ራሷ ለሽማግሌዎቹ «አላየኝም፣ እኔም የሰማሁት የለም፣ ነገር የምታከርረው ልጅቷ ናት» ትላለች። እኔም ብሆን ከአንተ ሌላ ሰው አስቤ አላውቅም። ይህን ፖስታ ከዘጋሁ በኋላ ያለው ኑሮ ምን እንደሚመስል አይታየኝም። ባዶ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወደ ጓሮ ስወጣ እናቴን ቧንቧው ሥር አገኘኋት። እጇን በልብስ ሳሙናና በሎሚ ትፈትጋለች። ጣቶቿን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋና እንደገና ትፈትጋለች። ምን ሆንሽ ብላት «ምንም፤ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ይመጣሉ ብዬ ነው» አለችኝ።

አላህ ጤና ይስጥህ፤ ሥራህንም ያቃናልህ። ከማታፍርበት ሰው ጋር ያኑርህ። ለሽማግሌዎችህ መልሴ ይኸው ነው፤ አንተው አንብብላቸው። ኒካሁ ቀርቷል። «ደንግጦ ነው» የሚለውን ከማንም አፍ አልቀበልም፤ ከእናቴም ቢሆን። እሷን በአደባባይ የካደ ሰው ቤቷ ገብቶ ከእጇ እንዲጎርስ ከእንግዲህ አልቀበልም።

እጮኛህ የነበርኩት፣
የእሷ ልጅ