እማማን ያስነሳ ራዕይ

ሳቂታዬ፣ ንዴቴ ሳይበርድ በዚህች ፖስት ካርድ ልጻፍልሽ። እዚህ በእንግድነት በመጣሁበት ከተማ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ራዕያችን፦ አምልኮ፣ ኅብረት፣ ራስን የሚሰጥ ፍቅር» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ውስጥ ግን አስተናጋጁ አዳራሹን የሚያጸዱትን አሮጊት ለእኔ ሲል ከወንበራቸው አስነሳቸው!

«እማማ፣ እንግዳ መጥታለች፤ ከኋላ ይቁሙ።»

«ጉልበቴን ያመኛል፣ ልጄ።»

«ለፍቅር ሲሉ ይቻሉት እንጂ!»

«ፍቅሩን አንተ ቆመህ አሳየና!» አልኩትና እማማን መልሼ አስቀመጥኳቸው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለም፤ ሰው ሲገባ ግን አግዳሚው ላይ ጠጋ ጠጋ እንላለን።

ስንወጣ እማማ፣ «አንቺ ትሄጃለሽ፤ በሚቀጥለው እሑድ ያስነሱኛል» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ስለዚህ መመለሻዬን በሳምንት አራዝሜዋለሁ፤ ማን እንደሚያስነሳቸው አያለሁ! ለባሌ አንቺው በዘዴ ንገሪልኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ የካርዱ ቦታ አለቀብኝ።