ሁለቱ ካርዶቼ በአንድ ቀን ይውጡልኝ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ ይብዛ፣ ወንበርዎም ይመችዎ። እኛ በኮሪደርዎ አግዳሚ ላይ ስምንት ወር የተቀመጥን ታካሚዎች ደህና ነን፤ እኛ ደህና ባንሆን እንኳ ወረፋችን ደህና ነው፣ ካስቀመጡት ቦታ ንቅንቅ አላለም።

እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምሰፋ የአናጢ ሚስት ነኝ፤ ዕድሜዬም ሠላሳ ሰባት ነው። አንድ ጊዜ ከማቋረጤ በቀር ስድስት ዓመት የአእምሮ ሕክምና ክፍልዎ ያዘዘልኝን ክኒን ጠዋትና ማታ እየዋጥኩ፣ ተመስገን ነው፣ በሰላም ሠርቼ እገባለሁ። አሁን ልጅ መውለድ እንፈልጋለን። ክኒኑ ግን እናቲቱ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ጽንስ ሊጎዳ እንደሚችል በማሸጊያው ውስጥ ያለችው ወረቀት ትናገራለች። በራሴ ፈቃድ ባቆመው ደግሞ ምን እንደምሆን አንድ ጊዜ ስላየሁት መድገም አልሻም። ስለዚህ ከማርገዜ በፊት መድኃኒቱ ይቀየርልኝ፣ ይቀነስልኝ ወይስ እንዳለ ይቀጥል ብዬ ጠየቅኩ። ጥያቄዬ ይህችው ነበረች። የተደረገልኝን መስተንግዶ እንደሚከተለው በምስጋና እዘረዝራለሁ።

፩ኛ፤ የአእምሮ ሐኪሜ በትሕትና ካዳመጡኝ በኋላ፣ የማህፀን ሐኪሟ ሐሳባቸውን ካልሰጡ መድኃኒቱን እንደማይነኩ ገለጹልኝ። የማህፀን ሐኪሟም በእኩል ትሕትና፣ የአእምሮ ሐኪሙ ሳይወስኑ እርሳቸውን ምን እንደሚያገባቸው ጠየቁኝ። በመካከል ያገኘኋት አዋላጅ ግን ከሁለቱም ቆራጥ ሆና ‹‹አርግዘሽ ነይ›› አለችኝ። በእኔ ሙያ ልኬት ሳይወሰድ ጨርቅ አይቆረጥም፤ በእርስዎ ቤት ግን መጀመሪያ ይቆረጣል፣ ልኬቱ ኋላ ይታያል።

፪ኛ፤ ሁለቱ ሐኪሞች ለምነናቸው ደብዳቤ ተጻጽፈዋል፣ ለዚህ ዕድሜ ይስጣቸው። የአእምሮ ሐኪሙ የጻፉት ሰማያዊው ካርዴ ውስጥ ነው፣ የማህፀን ሐኪሟ የጻፉት ደግሞ ቢጫው ውስጥ። እናቶች ክፍል ስሄድ ቢጫው ብቻ ይወጣል፤ አእምሮ ክፍል ስሄድ ሰማያዊው ብቻ። ሁለቱንም ስጡኝ ብዬ ስለምን፣ ከመስኮቱ ጀርባ መነጽራቸውን ብቻ የማውቀው የካርድ ክፍሉ ኃላፊ፣ በእርስዎ ፊርማ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አሳዩኝ፤ ለአንድ ታካሚ በአንድ ቀን ከአንድ ካርድ በላይ አይወጣም ይላል። እንግዲያው ደብዳቤውን እኔው ላድርስ ብል፣ የታካሚ ምስጢር ለታካሚ እንደማይሰጥ ተነገረኝ። ምስጢሬን ከእኔ ስለጠበቁልኝ ውለታዎን በምን እከፍላለሁ?

፫ኛ፤ ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ ስልክ ለማንሳት ዞር ሲሉ ካርዴን አየት አደረግኩት። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ‹‹የሕመሙ ምልክቶች›› ከሚለው ርዕስ ሥር፣ ‹‹እንቅልፍ ይነሳታል›› ከሚለው ቀጥሎ፣ ‹‹ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ ትላለች›› የሚል ተጽፏል። እኔ ሳላውቀው ለካ ይህ በሽታ የያዘኝ ገና አሻንጉሊት ሳዝል ኖሯል!

ከዚያች ቀን ወዲህ ጠርጣሪ ሆኛለሁ። ጥርጣሬ ሲያመኝ ከሚታዩብኝ ምልክቶች አንዱ ስለሆነ፣ ከመጻፌ በፊት እያንዳንዷን ለባሌ እያቀረብኩ አስመዝኛለሁ። ‹‹ይህችስ የሕመም አይደለችም፣ እኔም ጠርጥሬያለሁ›› ያለኝን ብቻ ነው እዚህ ያሰፈርኩት፤ ከጠረጠሩ አይቀር መመንጠር ነውና ታግሠው ያንብቡልኝ። ቀጠሮዬ በየሁለት ወሩ የሚገፋው፣ መልሱን እናንተ ሳትሆኑ ዕድሜዬ እንዲሰጠኝ ይሆን? የምክር ነርሷ በፈገግታ ‹‹ባልሽ ያውቃል?›› የምትለኝ ስለ እርሱ አስባ ነው ወይስ ስለ እኔ ፈርታ? ያችው ነርስ ሳታማክረኝ ለታላቅ እህቴ ደውላ ‹‹ተይ በያት›› ማለቷስ ከየትኛው የምክር አገልግሎት ይመደባል?

እህቴ ከአራት ዓመት በፊት ክኒኔን በራሴ አቁሜ በወደቅኩ ጊዜ ሦስት ሳምንት ከአጠገቤ ያልተለየች ናት። ስልኩ እንደተዘጋ እየሮጠች መጥታ፣ ስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍታ፣ እንደገና እንዲያ ሆነሽ ከማይሽ እኔን ያስቀድመኝ እያለች አለቀሰች። እርሷን አልፈርድባትም። እኔም እኮ የምፈራው ያንኑ ነው፤ ሳልወድቅ፣ ልጄም ሳይጎዳ መውለድ ስለፈለግኩ ነው ደጃችሁን የጠናሁት።

፬ኛ፤ የአስተያየት መስጫ ሣጥንዎ ቁልፍ ከጠፋ ሁለት ዓመት እንደሆነው ዘበኛው ነግሮኛል። ይህ ደብዳቤ በአደባባይ የወጣው በዚህ ምክንያት እንጂ ክብርዎን ለመንካት አይደለም፤ ስለ ሣጥኑም አመሰግናለሁ።

ማስታወቂያዎ ከግድግዳው እንዳይወርድ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ልጆችዎም በአንድ ካርድ ብቻ የሚታከሙ ጤነኞች እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ በሁለት መደርደሪያ ተከፍዬ የምኖር ታዛዥዎ፣

ዩኒፎርም ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ከላይ ያለውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የወር አበባዬ ከቀኑ ዘጠኝ ቀን ማለፉን ቆጠርኩ። ተጠንቅቀን ነበር፤ ሆኖም አንድ ሰው የእናንተን ቀጠሮ መጠበቅ የሰለቸው ይመስላል። ክኒኔን አላቋረጥኩም፣ ለብቻዬም አላቋርጥም። አዋላጇ አርግዘሽ ነይ ባለችኝ መሠረት ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከባሌና ከእህቴ ጋር የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ እገኛለሁ፤ ሰማያዊውና ቢጫው አንድ ላይ ካልወጡ ከዚያ አንነቃነቅም። ደስ ብሎኛል፣ በጣምም ፈርቻለሁ፤ ሁለቱንም ከምልክቶቹ ሥር ያስጽፉልኝ።