ሰው የሌለበት ንጋት

ሠዓሊ ጎትሄልፍ ሊንድነር ከአባታቸው ከጀልባ ነጂው ትራውጎት ሊንድነርና ከእናታቸው ከሮዚና፣ በኤልበ ወንዝ ዳር በፒርና ከተማ በ1791 ተወለዱ። አባታቸው ጭነት ይዘው ገና ሳይነጋ ሲነሡ አብረው ይነሡ ስለነበር፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ውኃው ላይ የሚያርፈውን ግራጫ ብርሃን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ፊደል በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ድሬስደን ገብተው ሥዕል ተማሩ።

በ1819 ከኦቲልየ ክዩን ጋር በቃል ኪዳን ተጋብተው ልጃቸውን ክላራን ወለዱ። ሚስት ካለች አማችም አለና፣ የኦቲልየ ወንድም ሌበሬኽት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከቤቱ አልጠፉም። የሌበሬኽት ሙያ በሥዕል ላይ ሰው መሣል ነበር። በእኛ ዘንድ መልክዐ ምድር የሚሥለው ሜዳውንና ሰማዩን ሲጨርስ፣ እረኛውንና ላሚቱን ሌላ ሠዓሊ ይጨምርለታል፤ ነውርም አይደለም። ጎትሄልፍ ግን ይህን አጥብቀው ይጠሉ ነበር።

ሁለት ዓመት የደከሙበት ሥዕል ጭጋጉ ሊገፈፍ ሲል ያለውን ኤልበን ያሳያል። ሰው የለበትም፣ ጀልባ የለበትም፤ ብርሃን ብቻ ነው። የመስኮቱን የታች ግማሽ በሳንቃ ዘግተው፣ ከማንም ሳይነጋገሩ ይሠሩት ነበር። ሥዕል የሚገዛው የከተማው የሥዕል ማኅበር ሰዎች መጥተው አዩና፣ «ግሩም ነው! ታዲያ ሰዎቹ የት ሄዱ?» ብለው ሳቁ። ክረምቱ ከብዶ፣ ማገዶም አልቆ ነበር። ጎትሄልፍ የታመሙ እናታቸውን ሊጠይቁ ፒርና በሄዱበት ሳምንት ኦቲልየ ሥዕሉ እንዲሸጥ ብለው የሥዕል ክፍሉን ቁልፍ ለወንድማቸው ሰጡ። ሌበሬኽትም አንድ ዓሣ አጥማጅ ከነሚስቱና ከነልጁ ሥለው ውኃው ዳር አቆሙበት።

ሥዕሉ ተወደደ። ማኅበሩ ገዝቶ በአዳራሹ ሰቀለው። ያየ ሁሉ «የልጅቷን ቀይ ቆብ አያችሁት?» ይል ነበር፤ ስለ ብርሃኑ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ጎትሄልፍ ለሚስታቸው «ሰው አስገባሽብኝ» ብለው ዝም አሉ። ኦቲልየ በ1836 እስካረፉ ድረስ ቤቱን ያ ዝምታ ወረሰው። ይህን መደበቅ ለሟቹ ክብር አይሆንም።

ባለፈው ዓመት ማኅበሩ የሻማ ጥላሸቱን እንዲያጸዱለት ሥዕሉን ወደ ቤታቸው ላከ። ጎትሄልፍም ጨርቅ በኃይለኛ አልኮል ነክረው ሦስቱን ሰዎች ጠረጓቸው። ብርሃኑን የሠሩት ግን ስስ ቀለም በስስ ቀለም ላይ እየደረቡ ነበርና፣ ሰዎቹ ሲለቁ ብርሃኑንም ይዘውት ሄዱ። አሁን በወንዙ ዳር የአባት፣ የእናትና የልጅ ቅርጽ ያላቸው ሦስት ገርጣ ያሉ ባዶ ቦታዎች ቆመዋል። ማኅበሩም አልቀበልም አለ።

ከዚያ በኋላ ብሩሽ አልነኩም። በሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ሳሉ ሌበሬኽት ሊጠይቋቸው መጥተው፣ «አንተ ሰው፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል? ቦታቸው እኮ እንዳለ ነው፤ ግማሽ ቀን ስጠኝና መልሼ አቆማቸዋለሁ» አሏቸው። ጎትሄልፍ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ኅዳር 9 ቀን 1847 ገና ሳይነጋ፣ በሚወዱት ሰዓት ዐረፉ።

ልጃቸው ክላራ፣ ይህን የጻፈችው እህታቸው ዮሃናና አማቻቸው ሌበሬኽት በሕይወት አሉ። ለቅሶ ለደረሳችሁ ሁሉ ምስጋና ይድረሳችሁ፤ በሕይወት ሳሉ ደጃቸውን የረገጣችሁ ግን በጣት ትቆጠራላችሁ። ሥዕሉ ከአስከሬን ሣጥናቸው ጎን ቆሟል፤ ማንም ብሩሽ እንዳያነሣበት ቤተሰቡ ይለምናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን፣ ማንም ምንም በማይጨምርበት ብርሃን ያሳርፍልን።