ስለ ዱዌ ፓምፕና ስለወለወልኩት ማውስ

ለተከበሩ አቶ ሬይንደር ፖስትሁመስ
የአልደሜር የውኃ ቦርድ የኮምፒዩተር አገልግሎት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዲሰነብት፣ የቢሮዎ ማሞቂያ እንዳይጓደል፣ የስልክዎም መስመር እንደ ልማዱ ተይዞ እንዲውል ከልብ እመኝልዎታለሁ። እኔ ፍራውክየ ሁከማ በምሥራቁ ፓምፕ ቤት አሥራ አራት ዓመት በጽዳትና በረዳትነት ያገለገልኩ፣ ካለፈው ጥር ወዲህ ደግሞ በቦርዱ መልካም ፈቃድ የፓምፑ ጠባቂ የሆንኩ ሴት ነኝ። ከእኔ በፊት ጠባቂው ዱዌ ነበር። ባለፈው ጥቅምት፣ ያ ሁሉ ዝናብ በወረደበት ጠዋት፣ ውኃውን ከእርሻው የሚያወጣውን ፓምፕ ሦስት ሰዓት አዘግይቶ አስነሣ፣ የገበሬው የዊበ ድንችም ውኃ ውስጥ ቀረ ተብሎ ከሥራው ተሰናበተ። ከፓምፕ ቤቱ ጋር የተያያዘውን መኖሪያውንም በዚህ ወር መጨረሻ ይለቃል። በዚህ ጉዳይ ለእርስዎ ያልደረሰ ብዙ ምስጋና ስላለ በዚህ ጋዜጣ በአደባባይ ላደርሰው ወደድኩ።

፩. ስለ ኮምፒዩተሩ አመሰግናለሁ። አገሩ ሁሉ ስልኩን በጣቱ በሚዳስስበት ዘመን፣ በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል የሚደረድረውን የድሮውን ዶስ እስከ ዛሬ ስላቆዩልን ታሪክ ያስታውስዎታል። ፓምፑ በኪቦርድ መነሣቱ ለደኅንነት አያመችም ብለው በማውስ ብቻ እንዲነሣ ያደረጉትም እርስዎ ነዎት። የእጅ ማስነሻውም ቢሆን ያለ ፈቃድ እንዳይነካ በማኅተም ታሽጓል።

፪. ስለ ስልክ እርዳታው አመሰግናለሁ። በዚያ ጠዋት ዱዌ ማውሱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ቀስቷ እየዘለለች የስክሪኑ ጥግ ሥር ትወሸቅ ነበር። ባለሙያዎ ማውሱን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያግባባውን ድራይቨር አስጠፉት፤ ከዲስኬት መልሰው አስጫኑት፤ ደግመው አስጠፉት። አምስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚያነባቸውን ትእዛዞች ቅደም ተከተል አስለወጡት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው። በመጨረሻ ሁሉም ሲያልቅባቸው «እጅህ ይንቀጠቀጣል እንዴ?» ብለው ጠየቁት። ዱዌ ስልኩን ዘጋ፣ ማኅተሙን ሰበረ፣ ሞተሩን በእጁ አስነሣው። ማኅተም መስበሩም ሁለተኛ ጥፋት ሆኖ ተመዘገበለት።

፫. አሥራ አንድ ገጽ ስለሆነው ሪፖርት በተለይ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ በማግስቱ የራሳቸውን ማውስ ይዘው መጡ፤ አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ ከተው የራሳቸውን ሰኩ፤ ሠራ። ከዚህም ተነሥተው ጥፋቱ የዱዌ እጅ ነው ብለው ደመደሙ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል ሰምቼ ነበር፤ በማኅተምና በእርስዎ ፊርማ ሲጸድቅ ግን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

፬. እዚህ ላይ ስለ እርስዎ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን አልችልም።

ከዚያ ጠዋት አንድ ቀን ቀደም ብሎ የቦይ ፍተሻ ነበር። እንደሚያውቁት በየመኸሩ የቦርዱ ሹማምንት ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ቦዮቹን ሲያዩ ይውሉና ፓምፕ ቤት ገብተው ቡና ይጠጣሉ። ስለዚህ መስኮቱን አጠብኩ፣ ወለሉን አሸሁ፣ ያም አልበቃኝ ብሎ ማውሱን በጀርባው ገልብጬ በእርጥብ ጨርቅና በስንጥር ፈተግኩት። በማውሱ ሆድ ላይ የጥፍር ያህል ማብሪያ አለች፤ ማውሱ ከሁለት ዓይነት ድራይቨር ከየትኛው ጋር እንደሚግባባ የምትወስነው እሷ ናት። ጨርቄ ገፍቷት ወደ ሌላው ወገን ዞረች። ነገሩ ይኼው ነው።

ዱዌ በዚያ ጠዋት ማውሱን ይዞ መጥቶ «ፍራውክየ፣ ይቺን ነገር ነክተሻታል እንዴ?» ብሎኝ ነበር።

«ኧረ አልነካኋትም፤ ወልውዬ ነው የመለስኳት» አልኩት።

በእኛ መንደር መወልወል እንደ መንካት አይቆጠርም። እሱም የመንደሩ ልጅ ነውና አመነኝ። እኔም ያን ጊዜ እውነቴን ነበር።

በኅዳር ግን መሳቢያውን ሳጸዳ አሮጌውን ማውስ አገኘሁት። ማብሪያዋን አየኋት፤ ወደ ሌላው ወገን ዞራለች። ሰክቼ ሞከርኩት፤ ቀስቷ ዘለለች። ማብሪያዋን መለስኩና እንደገና አስነሣሁት፤ ቀጥ ብላ ሄደች። ድራይቨሩም ጤነኛ፣ የዱዌም እጅ ጤነኛ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ማውሱን ወደ መሳቢያው መልሼ ዘጋሁት። ነገ እናገራለሁ ብዬ አደርኩ፤ ነገም ነገ አለው። በጥር ቦርዱ የፓምፕ ቤቱን ቁልፍ ሲሰጠኝ ተቀበልኩ፤ አመሰግናለሁም አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔዋ እውነት ግን ባደረች ቁጥር እየጠቆረች መጣች። አፍራለሁ። በስክሪኑ ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር የምቀመጠው በሰው ወንበር ላይ ነው።

ስለዚህ ዱዌን ወደ ሥራውና ወደ ቤቱ ይመልሱ ዘንድ፣ ስለ እጁ የተጻፈውንም በዚሁ ጋዜጣ እንዲሰርዙ በትሕትና እለምናለሁ። ቁልፉን ነገ ጠዋት ለቦርዱ ጸሐፊ አስረክባለሁ። ማውሱንም አብሬ እልክልዎታለሁ፤ ሆዱን ለማየት አሥራ አንድ ገጽ አያስፈልግም።

በአንድ ጥፋት የተዛመድን፣ እኔ በዝምታዬ፣ እርስዎ በፊርማዎ፤

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ፍራውክየ ሁከማ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለዱዌ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና መቼ እንዳወቅኩ ጠየቀኝ። በኅዳር አልኩት። «በታኅሣሥ ልደቴን ልታከብሪ ኬክ ይዘሽ መጥተሻል» አለኝ፤ ኮቱን ለብሶም ወጣ። ስለ እርስዎ ምንም አላለም፤ ከእርስዎ የጠበቀው ነገር አልነበረም።