አንተ ማለት ያቃተኝ ሰሞን

ሰኞ፣ ኅዳር አቦ

አንተ። አንተ። አንተ። እጄ ይጽፈዋል፤ አፌ ነው እምቢ ያለው።

ከሽንዲ እስከ ቡሬ መንገዱን ሁሉ ስለማመድ ነው የመጣሁት። ባለቤቴ በቃሬዛ፣ እኔ ከጎናቸው። ሕመሙ ፋታ ሲሰጣቸው «በይ እስኪ» ይሉኛል። አፌን እከፍታለሁ፤ «እርስዎ» ብሎ ይወጣል። ተሸካሚዎቹ ይስቃሉ። አሥራ ሁለት ዓመት አንቱ ያልኳቸውን ሰው በአንድ ቀን መንገድ እንዴት አድርጌ ላውርዳቸው?

ሌላ ምርጫ አጥተን ነው ጣሊያን ሐኪም ቤት የገባነው። ገደሉን በፈረስ አይውረዱት ብዬ ነበር፤ ወረዱት። ባታቸው ከተሰበረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ወጌሻው አጥንቱን ገጥሞ አስሮት ነበር፤ ቁስሉ ግን አመረቀዘ፣ መሽተት ጀመረ። ትናንት ወጌሻው ራሱ «ከእኔ እጅ ወጥቷል፣ እመቤቴ» አለኝና ፊቱን አዞረ።

ባለቤቴ የጎበዝ አለቃ ናቸው። ጣሊያን ስማቸውን ያውቃል፣ መልካቸውን አያውቅም። ቢያዙ ስቅላት ነው። ሚስታቸውም አብራ ጫካ እንደገባች ስለሚያውቅ ባልና ሚስት ሆነን መግባት አይሆንም። ስለዚህ እሳቸው እንጨት ሲቆርጥ ከዛፍ የወደቀ ታከለ የሚባል ገበሬ ናቸው፤ እኔ ታላቅ እህቱ። ታላቅ እህት ታናሽ ወንድሟን አንቱ አትልም።

የማድረው ዘይነባ ቤት ነው። ባለቤቷ የጨው ነጋዴ ነው፤ ከጨው ሥር ጥይት እየደበቀ የሚያቀብለን እሱ ነው። ይህ ደብተር ቢገኝ ሁላችንም አለቀልን፤ ሳልጽፍ ደግሞ መዋል አልችልም፣ አባቴ መሪጌታው ያስለመዱኝ አመል ነው። ዘይነባ የበርበሬ ማሰሮዋን ሰጠችኝ። «እዚህ ውስጥ እጁን የሚከት ባንዳ ዓይኑን ይያዝ!» አለች።

ማክሰኞ፣ ቁስቋም

ጠዋት በአንሶላ ተጣላን። የሐኪም ቤቱ አልጋ ብረት ነው፣ ላዩ ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። ባለቤቴ «መግነዝ ላይ አልተኛም» አሉ። ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ መነኩሴ አባ ወልዴ፣ ዓይናቸውን ታመው የተኙ ናቸው፣ በጨርቅ የታሰረ ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው «ተኛ፣ ልጄ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነበር ያልሁት። ሦስት ሳምንት ተገነዝሁበት፣ ይኸው አልሞትሁም» አሉ። ተኙ። አባ ወልዴ አንተ ሲሏቸው እንዴት ይቀናቸዋል!

ሐኪሙ ቁስሉን አሸተተ፣ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ከመረብ ማዶ የመጣ ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። «ይቀደዳል፣ ይጸዳል ነው የሚለው። እስከ ቅዳሜ ትኩሳቱ ካልወረደ እግሩ ይቆረጣል» አለኝ። ከየት ላይ እንደሚቆረጥ በእጁ አሳየኝ። ከጉልበት በላይ ነው።

የሚያስተኛ መድኃኒት በጨርቅ አሽትተው አስገቧቸው። እኔ ከሌሎቹ አስታማሚዎች ጋር ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ጸጥ ብሎ ቆየ። ከዚያ ከውስጥ «ዘራፍ!» የሚል ድምፅ መጣ። የባለቤቴ ድምፅ! ቀጥሎም የፈረስ ስማቸው። እዚህ አልጽፈውም። ግዳይ መቁጠር ጀመሩ፣ በየቦታው ስም።

በር ላይ ዘበኛ ቆሟል። ያን ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠችው የጅጋ ሴት፣ ልጇ በፈላ ውኃ ተቃጥሎባት የምታስታምም፣ ድንገት «ልጄን! ኧረ ልጄን!» ብላ እሪታዋን ለቀቀችው። ሌሎቹም ተከተሉ። ዘበኛው ጆሮውን ይዞ ራቀ። ልጇ ደኅና ነበር፣ ጭኗ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላ ነበር። ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም፣ እኔም የሷን አላውቅም። እንዲህ ዓይነት ሰዎች አሉን።

አስተርጓሚው እጁን እየጠረገ ወጣ። «ወንድምሽ ብርቱ ገበሬ ነው» አለኝ። «ሐኪሙ ምን እያለ ነው አለኝ። በሬዎቹን እየነዳ ያርሳል አልኩት።» መለስ ብዬ ሳየው ሄዷል። ዘራፍ እያለ የሚያርስ ገበሬ የት አለ? አማርኛችን ይጠፋዋል ወይስ እያሾፈብኝ ነው?

ረቡዕ፣ ሥላሴ

ትኩሳቱ እንዳለ ነው። ያደረግሁት፦ ፋሻ ቀቀልኩ። አንሶላ አጠብኩ። የጅጋዋን ልጅ አጫወትኩ። አባ ወልዴን አበላሁ። ባለቤቴ ዛሬ ረቡዕ ነው ብለው ሐኪም ቤቱ የሰጠውን ሾርባ አልነካም አሉ። አባ ወልዴ «የታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ እኔ ገዝቼሃለሁ፣ ጠጣ» ብለው ተቆጡልኝ።

አንተ ያልኩት፦ አንድ ጊዜ፣ እሱም በሹክሹክታ። ሰው ባለበት የምናገረው «ውኃ ይምጣ?»፣ «ትራሱ ይስተካከል?» እያልኩ ነው። ከወንድሜ ጋር ሳይሆን ከትራሱ ጋር የማወራ ነው የምመስለው።

ከሰዓት በኋላ የመጣብኝን ጉድ ግን ምን ብዬ ልጻፈው። ከሰዎቻችን አንዱ፣ ጋሽ ደሴ የሚባሉ የሽንዲ ገበሬ፣ ሊጠይቁ መጡ። ደጋግሜ አስጠንቅቄ ነበር። ገቡ፤ ባለቤቴን አዩ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና እስከ ጉልበታቸው ዝቅ አሉ። «እንደምን ሰነበቱ ጌታዬ! እኛን ይድፋን!»

አስተርጓሚው እዚያው ነበር፣ መድኃኒት ሲያድል። ያዳኑን አባ ወልዴ ናቸው። ከአልጋቸው ቀና ብለው መስቀላቸውን ዘረጉ። «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደኅና ነኝ። ና ተሳለም። ከሩቅ መጥተህ ጠየቅኸኝ፣ ይባርክህ!» ጋሽ ደሴ ገባቸው፤ ሄደው መስቀሉን ተሳለሙ። መነኩሴው በሕይወታቸው አይተዋቸው የማያውቁትን ሰው ስለ ከብቶቻቸው፣ ስለ ልጆቻቸው እየጠየቁ ሲያጫውቱ አመሹ። አስተርጓሚው ክኒኑን ቆጥሮ ወጣ።

ሐሙስ

ዛሬ ፊደሌ ተጣሟል።

አንድ የባንዳ አለቃ ሁለት ወታደር አስከትሎ ገባ። እግሩ የተሰበረ ሽፍታ ነው የሚፈልገው። ብርድ ልብስ እየገለጠ አልጋ ለአልጋ መጣ። እኛ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አንተ፣ ስምህ ማነው?»

ባለቤቴ ዝም። ያንን ዝምታቸውን አውቀዋለሁ። ዓይናቸው ይጠብባል፣ አፍንጫቸው ይነፋል። እንዲህ በንቀት አንተ ብሏቸው የቆመ ሰው የለም። ስማቸውን ሊናገሩ ነው፣ እውነተኛውን!

«አንተን እኮ ነው!» አለ ባንዳው፤ እጁ ወደ ወገቡ ሄደ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። «አንተ ድንጋይ ራስ!» አልኩ፤ ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም። «ሰው ሲጠይቅህ አትመልስም? ታከለ ነኝ አትልም? ምላስህም ከዛፍ ወደቀች? አትውጣ አላልኩህም? አይሆንም አላልኩህም? እኔን ብትሰማ ምን ትሆን ነበር? ሰብሉ ሜዳ ላይ ቀርቶ እኔ እዚህ ያንተን ሽንት እደፋለሁ፣ አንተ ትኮራለህ! በማን ላይ ነው የምትኮራው? መልስ እንጂ፣ አንተ!»

ባለቤቴ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። «ታከለ ነኝ፣ ጌታዬ» አሉ።

ባንዳው ሳቀ፣ ወታደሮቹም ሳቁ። «ይኼስ ከእኛ በፊት በእህቱ ተይዟል» አለ። አስተርጓሚው ከበሩ በኩል «ከዛፍ ነው የወደቀው፤ መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። ሄዱ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ፊታቸውን በአንሶላ ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሲስቁ ኖሯል። «ታላቅ እህቴ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ያ ሁሉ ከየት መጣ?»

ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የተለማመድኩት አልነበረም፤ ዛፍ ስል ገደሉን ማለቴ ነበር። እሳቸውም ገብቷቸዋል። አፍሬያለሁ፣ ግን ደግሞ ኮርቻለሁ። ከጠመንጃ ጋር በምላሴ ገጥሜ አሸነፍኩ።

ዓርብ

ትኩሳቱ ጠዋት ቀነሰ፣ ቀትር ላይ ተመለሰ። ነገ ቅዳሜ ነው። ብዙ መጻፍ አልችልም። ማን እንደጠየቃቸው እንጃ፣ የክፍሉ አስታማሚ ሁሉ በየተራ የባለቤቴን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ሲያብስ ዋለ። የጅጋዋ ሴት እንኳ ልጇን ለአባ ወልዴ አስይዛ ተራዋን ወሰደች።

ቅዳሜ፣ መስቀል

አይቆረጥም!

ላብ አጥምቋቸው አደሩ፤ ስደርስ ግንባራቸው ቀዝቅዟል። ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ፣ አጎንብሶ አሸተተ፣ «ቤኔ፣ ቤኔ» አለ። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። የሐኪሙን እጅ ልስም ወይስ ልተወው ብዬ ተቸገርኩ። ጣሊያን ነው፤ እግሩን ያዳነው ግን እሱ ነው። ሳልስመው ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ለሠራው መልካም ሥራ ነው እንጂ ለባንዲራው አይደለም፤ ይህን እዚህ መጻፍ ፈልጌአለሁ።

እሑድ

አስተርጓሚው አጠገቤ ቆሞ ቁስሉን እንዴት እንደማጥብ፣ መድኃኒቱን በስንት በስንት ቀን እንደማደርግ አሳየኝ። ለምን እንደሚያስተምረኝ አልገባኝም። ሐኪሙ እስከ ወሩ መጨረሻ ይተኛል ብሏል እኮ፣ አልኩት። ፋሻውን እየጠቀለለ «አዝመራው ደርሷል» አለ። «ማክሰኞ ትልቅ ሹም ይመጣል፤ ሕመምተኛውን አንድ በአንድ ያያል። እኔ ገበሬ ብሆን ከነገ አላልፍም ነበር።»

ሰኞ፣ ኅዳር ሚካኤል

ወጣን። አሁን ከቡሬ ወዲያ፣ ወንዝ ዳር ጥላ ሥር ነን። በቅሎዋ ትግጣለች። ዘይነባ ደብተሩን ከነበርበሬው በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ እየጻፍኩ አስነጥሳለሁ።

አባ ወልዴ በመስቀላቸው ባርከውናል። የጅጋዋን ሴት በመጨረሻ ስሟን ጠየቅኋት፤ አስረሱ ትባላለች። ልጇ ነገ ይወጣል።

አስተርጓሚው እስከ በሩ ሸኘን። ባለቤቴን ደግፎ በቅሎዋ ላይ አወጣቸው፣ የታሰረውን እግር በቀስታ አስተካከለ። ዘበኛው ፊቱን እስኪያዞር ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በጥሩ አማርኛ፣ «እግዚአብሔር ይማርዎት፣ ጌታዬ» አለ። «ጠረጴዛው ላይ ተኝተው ያረሱት እርሻ ፍሬውን ያሳይዎት።»

ይማርዎት! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ አንተ ማለት ሲያንቀኝ፣ እሱ አንቱታውን ይዞ ቆይቶ እስከ በሩ ጠበቀን። ባለቤቴ ጎንበስ ብለው እጁን ያዙት፣ ለረጅም ጊዜ።

እግሩ እንደ ድሮው ይሄድ እንደሆነ አላውቅም። ሐኪሙም አላለም። አርባ ቀን መሬት እንዳይነካ ብቻ ነው የተባልኩት።

ይህን እየጻፍኩ ቀና ስል ባለቤቴ ዱላቸውን ተመርኩዘው ብድግ ሊሉ፣ የታመመውን እግር ወደ መሬት ሲያወርዱ አየሁ። ውኃ ሊቀዱ ነው አሉ፣ እኔን ላለማስነሳት።

«አንተ!» አልኩ። «አርፈህ ተቀመጥ!»

ባንዳ የለም፣ ዘበኛ የለም፣ የሚሰማን በቅሎዋ ብቻ ናት። ደንግጬ አፌን ያዝኩ። እሳቸው አዩኝ፣ ዱላቸውን አዩ፣ እኔን እንደገና አዩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣሊያን ቁጭ በል ብሎ ያቃተው ሰው ተቀመጡ።