ካታሎጉ «አለ» ስላለው መጽሐፍ

ለተከበሩ አቶ ዓለምነህ፣
በወልድያ የ«ንባብ ለሁሉ» ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ሠራተኞችዎም፣ ባለመስታወቱ ቁም ሳጥንዎም ደኅና እንደ ሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከቅናት በቀር ደኅና ነኝ።

ካታሎጋችሁን በኢንተርኔት ስለለቀቃችሁልን አመሰግናለሁ። እኔ ማንበብ የለመድሁት እዚህ መርሳ፣ ከሁሪያ ሱቅ ስኳርና በርበሬ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ብጥስጣሽ ወረቀት ስለሆነ፣ መጽሐፍ ሁሉ መጀመሪያ እንዳለው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከወረቀቶቹ ጥቂቶቹ፣ በየገጹ አናት ስሙ እንደተጻፈው፣ «የቀንጠፋ አጥር» የሚባል ልብ ወለድ መጨረሻ ናቸው፤ አንዲት ሴት የእኅቷን ደጅ ሳታንኳኳ ትመለሳለች። ለምን እንደተጣሉ ግን አይናገሩም። እኔም እዚህ ቅርብ፣ ውርጌሳ ከተማ፣ ሄጄ የማልጠይቃት እኅት ስላለችኝ ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ልጄ ሜላት በስልኳ ካታሎጉን ከፍታ የመጽሐፉን ስም ብትጽፍ፣ «አለ» አለ። በማግሥቱ ሽንኩርቴን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ በሚኒባስ ወልድያ ገባሁ።

ቅሬታዎቼ ሦስት ብቻ ናቸው።

፩. መጽሐፉ እርስዎ ቢሮ፣ መስታወት ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ከእርስዎ ጋር ነው፤ እርስዎ ደግሞ በካታሎጉ ዓላማና የወደፊት ዕጣ ላይ ለመወያየት ደሴ ሄደዋል።

፪. ሠራተኛዎ አቶ ደሳለኝ፣ «እናቴ፣ ካታሎጉ መኖሩን እንጂ መሰጠቱን አይናገርም» ብለው በትሕትና አስረዱኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ «አለ»ን አጥብቄ አንብቤው ነበር። ለካስ ላልቶ የሚነበብ ኖሯል፤ ካታሎጉ አለ፣ እኛም ሰማን።

፫. ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ በቁም ሳጥኑ ቀናሁ። አንድ ገጽ ሳያነብ አቅፎት ይውላል። ሻይ እየጠጡ እርስዎን በሚጠብቁት እንግዶችም ቀናሁ፤ ጀርባቸውን ለመጽሐፉ ሰጥተው ተቀምጠዋል።

ወደፊት ካታሎጉን ዓለም ሁሉ እንዲያየው አስባችኋል መባሉን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከ«አለ» ቀጥሎ «ግን ለእርስዎ አይደለም» የሚል ቢጨመርበት፣ የዓለም ሕዝብ ከመንገድ ድካም ይድናል።

ቁልፍዎን ከነኪስዎ እግዚአብሔር እንዲጠብቅልን እየለመንሁ፣ መስታወትዎ ላይ የአፍንጫዬን አሻራ በመተዌ ይቅርታ የምጠይቅ አክባሪዎ፣

ፀዳለ ሀይሉ
ሽንኩርት ነጋዴ፣ መርሳ

ማሳሰቢያ፦ ቁም ሳጥኑን የከፈቱ ዕለት የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጾች ይፈልጓቸው። እኔ ዘንድ ባሉት ወረቀቶች ላይ፣ በርበሬው ያልሸፈነው የቤተ መጻሕፍትዎ ማኅተም ይታያል። ስለዚህ ካታሎጉ ይታረምልኝ፦ መጀመሪያው ወልድያ ተቆልፎበታል፤ መጨረሻው መርሳ፣ ፀዳለ ዘንድ አለ። ይህኛው «አለ» ጠብቆ ይነበብ።